ባለቤት የምትለዋ ቃል

ድሬዳዋ፣ ከዚራ
ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለኑኃሚን፤

እንደምን ሰነበትሽ? የጅቡቲ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን። የአባትሽ ጉልበት ተሽሎት በየሻይ ቤቱ ይዞራል።

ጉድ ልንገርሽ፤ ሥዕሎቼ ከሳሎን ወጥተው ለሕዝብ ታዩ! ድሪያ ቀሚስ እየሰፋሁ በማገኛት ሳንቲም የገዛኋቸው፣ አባትሽ "ግድግዳውን ሰው አጨናነቀው" እያለ ሲያሾፍባቸው የኖሩት ሁሉ አዳራሽ ሙሉ ተሰቀሉ። ሽክ ብዬ ሄድኩልሽ። አዘጋጆቹ በሩ ላይ ምን ጽፈው ባገኝ ጥሩ ነው? "የአቶ ዓለምሰገድ የሥዕል ስብስብ"። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል፣ "ባለቤታቸው ወ/ሮ ዝናሽም ይገኛሉ"። ሻይ ቡና ይገኛል እንደሚባለው!

ቤታችን የመጣ እንግዳ ሁሉ "አቶ ዓለምሰገድ ዓይን አላቸው" ሲል ሻይ እያቀረብኩ አልፌዋለሁ፤ ያን ቀን ግን አልዋጥልሽ አለኝ።

ሚሬን ታስታውሽዋለሽ፣ መጋላ የሱቅ ማስታወቂያ ይጽፍ የነበረውን? የጀልዴሳ ወተት ሻጮችን የሣለበትን፣ የመጀመሪያ ሥዕሉን፣ የገዛሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ስመ ጥር ሠዓሊ ሆኗል። እኔን እንደ አክስቱ "ኤዶ" ነው የሚለኝ። ጽሑፉን ሲያይ ጮኸ፦

"አቦ! ይሄ ምንድነው? ወላሂ ኤዶ ዝናሽ ባትገዛኝ ኖሮ ዛሬም 'ሙዝ በጅምላ' እየጻፍኩ ነበር!"

አባትሽ መነጽሩን አድርጎ ጽሑፉን ደጋግሞ አነበበ። ከዚያ ማርከር ተቀብሎ የራሱን ስም ሰረዘ። "ባለቤታቸው" ከሚለው ላይ "ታቸው"ን አጥፍቶ "ት" ጻፈበት፤ መጨረሻ ላይ ያለውን "ም ይገኛሉ"ንም ሰረዘ። "ባለቤት ወ/ሮ ዝናሽ" ሆነ።

"እኔማ ምስማር ነው የመታሁት" አለ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔ ግን አለቀስኩ ልጄ፤ ደስታ ነው።

ወዲያው አንድ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የመጣ ሰው ያንን የሚሬን የወተት ሻጮች ሥዕል ለቢሮው ፈልጎ፣ ልማድ ሆኖበት አባትሽን "ይሸጡልኛል?" አለው። አባትሽ አገጩን ወደ እኔ ቀስሮ "ባለቤቷን ጠይቃት" አለ። ሰውየው ወደ እኔ ዞረ። እኔም ቀሚሴን አስተካክዬ፣ ሳልቸኩል፣ "አልሸጥም" አልኩ። እንዴት እንደጣፈጠኝ!

ያልሸጥኩት ላንቺ አስቤ ነው። ከሰርግሽ በፊት በባቡር ይደርስሻል። እጮኛሽን ናሁሰናይን እንደ ልጄ እወደዋለሁ፤ ፈጣሪ ትዳራችሁን የሳቅና የጤና ያድርግላችሁ። ሥዕሉ ግን ለሁለታችሁ እንዳይመስልሽ። ያንቺ ነው።

እናትሽ ዝናሽ