አባዬ የተቀበላት «ቆርቆሮ»

ነሐሴ 24
ቀኑን ሙሉ ዝናብ። ዱቦ መንደር፣ እማዬ ጋ ነኝ። የኬሚስትሪ መምህር በክረምት ከመብላትና ከመተኛት ሌላ ምን ሥራ አለው?

እማዬ ሳጥን ስታራግፍ አንዲት ጥቁር ሳንቲም ወደቀች። አባዬ እዚሁ የካቶሊክ ሚሲዮን ውስጥ አናጢ ሳለ አንድ ፈረንሳዊ ቄስ የሸለሙት ናት። ሶዶ ባንክ ይዟት ቢሄድ ሳቁበት። ከዚያ ወዲህ ጎረቤታችን ጋሽ ዳና «ፈረንጅ በቆርቆሮ የሸወደው» እያለ ይቀልድበታል። አባዬ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆነው፣ ቀልዱ ግን አልሞተም። እማዬን እስከ ዛሬ ያንገበግባታል።

«እውነተኛ መሆኗን ብቻ አጣራልኝ» አለች።

እኔ ያሰብኩት ሸጬ ሞተር ሳይክል ልገዛባት ነበር... እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ነሐሴ 27
ሶዶ። በማስተምርበት ትምህርት ቤት ላብራቶሪ ሚዛን መዘንኳት። አሥር ግራም። ውሃ ውስጥ ነክሬም መዘንኳት። ቆርቆሮ አይደለችም፣ አብዛኛዋ ብር ነው። አሥር ፍራንክ፣ 1929። ዳር ላይ የማላውቃት አንዲት ትንሽ ቃል አለች።

ጳጉሜን 2
ዱቦ። የሚሲዮኗ ሲስተር ንግሥቲ ፈረንሳይኛ ያውቃሉ። ትንሿ ቃል «ሙከራ» ማለት ናት አሉኝ። ሹማምንት አይተው እንዲያጸድቁ የምትመታ ናሙና። ይቺኛዋን ደግሞ አላጸደቋትም። ስለዚህ አንድም ቀን ገንዘብ ሆና አታውቅም...

ጋሽ ዳና ልክ ነበር ማለት ነው? ለእማዬ ይሄ እንዴት ይነገራል? አልነገርኳትም። ፈሪ ነኝ።

ሲስተር ፎቶዋን ፓሪስ ላለ የድሮ ሳንቲም ነጋዴ ላኩልኝ። ሳንቲሟን እማዬ ተቀብላ ሳጥኗ ውስጥ ቆለፈችባት።

መስከረም 6
መልስ መጣ። ከዚህ ዓይነት ጥቂት ብቻ ነው የተመታው። ዋጋዋ ሺህ አንድ መቶ ዩሮ! ወደ ብር ሁለት ጊዜ መነዘርኩት። ጠርዟን የሚያሳይ ፎቶ ጨምሩልኝ ይላል። መጨረሻ ላይ ደግሞ፣ በምንም እንዳታጸዷት።

ማን ያጸዳታል?

መስከረም 13
ዱቦ። ጊፋታ ደርሷል። ለወላይታ አዲስ ዓመት ቤቱ ተለቅልቋል፣ ሰሃኑ ታጥቧል፣ በሩ ሳይቀር ተወልውሏል። ሳንቲሟም። በአመድና በሎሚ! ያ ሁሉ ጥቁረት የለም። እማዬ ኮራ ብላ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«በጊፋታ አባትህ ቆሽሾ አይታይም» አለችኝ።

«አምሮባታል» አልኳት። ከዚያ ጓሮ ወጥቼ እንሰቱን ስሰድብ ቆየሁ።

መስከረም 15
ነጋዴው አዲሱን ፎቶ አየ። ተፍቃለች፣ ከሁለት መቶ በላይ አልሰጥም አለ። ማዘኑንም ጽፏል። ሞተር ሳይክሌ ቢበዛ ጎማ ይሆናል።

መስከረም 18፣ ጊፋታ
ቤቱ በጎረቤት ሞላ። እማዬ ሳንቲሟን በሰሃን አድርጋ አዞረች። ጋሽ ዳና አንስቶ ገለባበጣት። ዋጋዋ ስንት ነው አለኝ። እማዬ አየችኝ።

«ሺህ አንድ መቶ ዩሮ» አልኩ።

ሳትፋቅ የነበራትን ዋጋ ነው የተናገርኩት። መቼ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ገንዘብ ነበረች ወይ ያለም የለም። ጋሽ ዳና በሁለት እጁ መለሰላት።

«ባልሽን ኤርካሎን አምቼዋለሁ። ይቅር በይኝ።»

እማዬ፣ ሥጋው ሳይበርድ ብላ አለችው። ከዚያ ኩሽና ገብታ አለቀሰች። ደስታዋ ነው። እኔም ተከትያት ገብቼ አለቀስኩ፣ የእኔ ግን ግማሹ ለሞተር ሳይክሉ ነው።

ማታ ለነጋዴው አትሸጥም ብዬ ጻፍኩለት። ሁለት መቶዋን እማዬ ከእኔ አፍ አትሰማትም።