የሐጂ ስልክ በመጀመሪያ ተራ

ማክሰኞ

ቅዳሜ፦ አዲስ የዋይፋይ ራውተር ሜክሲኮ አደባባይ ካለ ሱቅ ገዛሁ። እሑድ፦ ሳሎን ውስጥ አስቀምጬ፣ ድምፅና ቪዲዮ ከሌላው ሁሉ ቀድመው እንዲያልፉ አስተካከልኩት። ሰኞ፦ ባለቤቴ ሰዓዳ ከጓደኛዋ ጋር በቪዲዮ ስትነጋገር ምስሉ አራት ጊዜ ቆመ። ዛሬ፦ ስድስት ጊዜ።

ዓርብ ረፋድ ላይ የሥራ ቃለ መጠይቅ አለባት፤ በዚሁ በቪዲዮ። ሁለት ዓመት የጠበቀችው ሥራ ነው። ምስሉ የሚቆምበት ምክንያት አልገባኝም።

ረቡዕ

ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ አራቅሁ። የዋይፋዩን ቻናል ቀየርኩ። አጥፍቼ አበራሁት። ለውጥ የለም። ጠዋት ምስሉ ጥሩ ነበር፤ አብረውን የሚኖሩት የሰዓዳ አባት፣ ሐጂ፣ ከመስጊድ ሲመለሱ ተበላሸ። ይህንን መዘገብኩት እንጂ ከምንም ጋር አላያያዝኩትም። የኮንዶሚኒየሙን ግድግዳ ጠረጠርኩ።

«ግድግዳው ጠዋትም ነበረ እኮ» አለችኝ ሰዓዳ።

ሐሙስ

መመሪያውን እንደገና አነበብኩ። ከድምፅና ከቪዲዮ ቅደም ተከተል በላይ ሌላ ቅደም ተከተል አለ፦ የስልኮቹና የኮምፒውተሮቹ። ከላይ ያለው ቀድሞ ያልፋል። ከላይ ያለው የሐጂ ስልክ ነው።

ያስገባሁት ራሴ ነኝ። እሑድ ስሞቹን ስጽፍ አማቴን ከልጃቸው በታች ማስፈር ነውር መሰለኝ፤ ተራ የስም ዝርዝር ነው ብዬ ነበር። ሐጂ ደግሞ ቤት ከገቡ ጀምሮ የሃይማኖት ትምህርት በቪዲዮ ይከታተላሉ።

ሰዓዳ ሳቀች። «ታዲያ አውርዳቸዋ። ራውተሩ ውስጥ ያለውን ስም ማን ያያል?»

ሳያውቁ ማውረድ ከበደኝ። ሄጄ ለራሳቸው ለሐጂ አስረዳኋቸው፦ እርስዎ ሲያዩ ልጅዎ ትጠብቃለች።

«እኔ ሰልፍ ላይ መሆኔን መች ነገርከኝ?» አሉ። «አውርደኝ እንጂ። ሰርግ ቤት መሰለህ?»

ዓርብ

ከቃለ መጠይቁ ሩብ ሰዓት በፊት ሐጂ ስልካቸውን አጥፍተው እጄ ላይ አኖሩት። ከዚያ ሰዓዳ ካለችበት ክፍል በር አጠገብ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሰዓዳ አርባ ደቂቃ ያህል ተናገረች። ምስሉ አንድም ጊዜ አልቆመም።

ስትወጣ አባቷ «ሰሙሽ?» አሏት።

«ሰሙኝ አባ። ይቅጠሩኝ አይቅጠሩኝ ግን አላህ ያውቃል።»

ችግሩ በእርግጥ የስልኮቹ ቅደም ተከተል መሆኑን ለማረጋገጥ፣ የሐጂን ስልክ አብርቼ፣ ስማቸውን ከሰዓዳ በታች አድርጌ መፈተሽ ነበረብኝ። ፈቃዳቸውንም ሰጥተውኛል።

ስልካቸውን መለስኩላቸው። ስማቸውን አላወረድኩም።