የቍርባኑን ስንዴ ሲለቅሙ የኖሩት እማሆይ እናኑ አስናቀው

በቀብራቸው ላይ የሚነበበውን ይህን ታሪክ የሚጽፍ የተማረ ሰው ሲፈለግ አደረ። እኔ እዚያው ተቀምጬ ማንም ወደ እኔ አልዞረም፤ ፊደል አልቆጠረችም ተብዬ። ከአንድ ማሕፀን ወጥተን በአንድ አንቀልባ ታዝለን ያደግነው ግን እኔና እሳቸው ነን። ስለዚህ እኔ ባንቺአየሁ አስናቀው ተናግሬ ልጃቸው ዓይናዲስ ጽፋዋለች፤ ቃሌን እንዳታሳምርም አስጠንቅቄያታለሁ። እማሆይ ታናሼ ናቸው፤ ለቆባቸው ስል አንቱ እላቸዋለሁ።

እማሆይ እናኑ ከአባታቸው ከአቶ አስናቀው ተሰማና ከእናታቸው ከወይዘሮ ምንዳዬ ገላው በ1942 ዓ.ም. በድብ ባሕር ተወለዱ። ትምህርት ቤት አልገቡም፤ በአገሩም አልነበረ። በ1957 ዓ.ም. አናጢውን አቶ አምሐ መኰንንን አግብተው ወደ ጎንደር መጡ፤ ፀዳ ላይ ቤት ሠርተው ሁለት ልጆች ወለዱ። ወንዱ ልጃቸው ሰውአገኝ ለቀን ሥራ ወደ መተማ ወርዶ በዚያው ቀረ፤ ሬሳውም ወሬውም አልመጣም። አቶ አምሐ በ1984 ዓ.ም. አረፉ።

ከዚያ ወዲህ እማሆይ የያዙት ሥራ አንድ ነው፤ ለቍርባን የሚፈጨውን የመገበሪያ ስንዴ መልቀም። ዓርብ ዓርብ ታጥበው፣ ነጠላቸውን አደግድገው ሰፌዱን ጭናቸው ላይ ያስቀምጣሉ። ጠጠሩ ይወጣል፣ እንክርዳዱ ይወጣል፣ የተሰበረውም ፍሬ ይወጣል። በሥራ ላይ ወሬ አይወዱም፤ እኔ ሐሜት ስጀምር «ስንዴው ይሰማሻል» ይሉኝ ነበር። በ1996 ዓ.ም. መነኮሱ። ልጅ ተድሮም፣ ሰው ሞቶም፣ መንገድ ተዘግቶና ተኩስ እየተሰማም የዓርቡ ሰፌድ አልታጎለም። ስንዴ ሲወደድ የራሳቸውን ቀለብ ቀንሰው ይገዙ ነበር።

በኋለኛው ዘመን ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው፤ በጣታቸው እየዳሰሱ ይለቅሙ ጀመር። እኔ ሰው አላምንምና የለቀሙትን ከኋላ እየበረበርኩ አይቻለሁ፤ አንድ ጠጠር አላገኘሁም። የአጥቢያችን ቄሰ ገበዝ ቄስ ሐብተ ማርያም ግን ተጠራጠሩ፤ መጠራጠራቸውንም አልነገሯቸውም። ዱቄት ከከተማ እያስመጡ፣ የእማሆይን ስንዴ በየሳምንቱ ተቀብለው ዕቃ ቤት ጥግ ባለ ጆንያ ውስጥ ይጥሉት ነበር።

አምና በጾመ ፍልሰታ ስንዴውን የሚወስደው ዲያቆን ቢቀር እማሆይ ራሳቸው ይዘው ሄዱ፤ የመራኋቸው እኔ ነኝ። ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ለፀሐይ የወጣ ጆንያ በምርኩዛቸው ነኩ፤ እጃቸውንም ሰደዱ። ነቅዟል። የገዛ ልቃሚያቸው መሆኑን ጣታቸው አወቀው። ቄሱ ደርሰው «እማሆይ፣ እንዳያዝኑ ብለን ነው» አሉ። እሳቸውም «ለእርስዎ መስሎዎት ኖሯል የምለቅመው» ብለው የያዙትን አስረክበው ተመለሱ።

በቀጣዩ ዓርብ ሰፌዱን አወጡ። «ምነው እናኑ፣ ነቀዝ ልትቀልቢ ነው?» አልኳቸው አንቱታውን ረስቼ። «ዓርብ ነዋ» አሉኝ። የቄሱ ሐሳብ ይለወጣል ብለው ተስፋ አድርገው አይደለም፤ እኔም አላደረግሁ። ስንዴው ወደዚያው ጆንያ እንደሚገባ እያወቁ ነው የለቀሙት። የሚተካቸውም ለምነው አጡ፤ ዓይናዲስ የሆስፒታል ተረኛ ናት፣ የሰፈሩ ሴቶችም እሺ እያሉ አልመጡም። ይህ አገልግሎት ከእሳቸው ጋር ይቀበራል፤ ሌላ ብል ውሸት ይሆንብኛል።

ከመስከረም ጀምሮ ልባቸው ደክሞ፣ እግራቸው አብጦ ታመሙ። ሕክምናም ጠበልም አልሆነላቸውም። ዓርብ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. ትራስ ተደግፈው፣ ሰፌዱ ጭናቸው ላይ እንዳለ አረፉ። አንዲት ሴት ልጅ፣ ሁለት የልጅ ልጆችና እኔን ታላቃቸውን ትተዋል። ሲለቅሙ የኖሩትን እሳቸውንም ጌታ ከንጹሑ ስንዴ ጋር ለቅሞ በጎተራው ያኑራቸው።

ቄስ ሐብተ ማርያም፣ እዚህ ቆመዋልና ይስሙኝ። ሰፌዱን አላነሣሁትም፤ ግማሹ ተለቅሟል፣ ግማሹ ቀርቷል። ለአርባቸው የሚቀርበው መሥዋዕት ከዚያ ስንዴ ይሁን። የቀረውንም ቤታቸው መጥተው፣ እሳቸው ከተቀመጡበት ተቀምጠው ራስዎ ይልቀሙት። የእርስዎ ዓይን ደህና ነው።