ሰላምታ የፈተናት ፊርደውስ

ሥርጉት፣ የመካነ ሰላም ብርድ ብዕር ባያስይዝም ይህን ሳልነግርሽ አላድርም።

አጎቴ ጋሼ በእውቀቱ ምህንድስና የሚያስተምሯት ፊርደውስ፣ ውጭ አገር ለመሰልጠን የቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ነበረባት። ጋሼ «ፈረንጅ ሰላምታ አያስረዝምም፤ በቀጥታ ወደ ሥራሽ ግቢ!» እያሉ አደረቋት። ጠያቂው ግን እንደ እኛው ሰላምታ የሚያስረዝሙ ሴኔጋላዊ መሐንዲስ ሆነው ቁጭ! ስለ እናቷ ጤና፣ ስለ ዝናቡ ሲጠይቋት «የሠራሁት የውኃ ፓምፕ ነው» ትላለች። ሰውየው ወረቀታቸውን መሰብሰብ ሲጀምሩ፣ ጥግ ይዤ የማየው እኔ በቃ ወደቀች ብዬ ነበር። ጋሼ ዘለው ካሜራው ፊት ገቡና በእንግሊዝኛ «ልጆች ደህና? ከብቱስ?» አሉ! ሰውየው በሳቅ ፈረሱ፤ ፊርደውስም «አልሐምዱሊላህ» ብላ ቀጠለች። አለፈች!

እኛ የአዲስ አበባ ልጆች ጎረቤትን በ«ሃይ» እናልፋለን። የሌላውስ አገር ሰው እንዴት ሰላም ይባባል ይሆን? ጋሼ አሁን «ዋናው ሰላምታ ነው ብዬሽ አልነበር?» ይሏታል።

እናትሽን ሳሚልኝ፤ ይህ ፖስት ካርድ ባይሞላ ስለ ድመታችሁም እጠይቅ ነበር።

ቢተው