የቀብር ማስታወቂያ የማያነብ ጣቢያ

ይድረስ ለአባዬ፣ ከአንዲት ልጅህ።

የሳሎኑ ሪሞት የባትሪ ክዳን መጥፋቱን በጥልቅ ሐዘን አስታውቃለሁ። ፍለጋው ባለመሳካቱ በፕላስተር ታሽጓል። ከተለየኸን ዓመት ከሁለት ወር ሆነ፤ በቤቱ የተለወጠው ይህ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት!

ጣቢያው ተሸጠ አባዬ። በአንድ ዲሽ የጀመርኸው፣ ገመዱን በባሕር ዛፍ ምሰሶ ከአጥር አጥር እያሻገርህ ግማሽ ደብረ ማርቆስ ያደረስኸው፣ ኋላም ካሜራ ገዝተህ «የራሳችን ቴሌቪዥን» ያልኸው። አመሻሽ ላይ የሟቾችን ስም ስታነብ ከወገብህ በላይ ኮትና ከረባት፣ ከወገብህ በታች የቤት ቁምጣ። እኔ ከካሜራው ጀርባ ሳቄን ለማፈን ከንፈሬን ስነክስ በዓይንህ ትገሥጸኝና «ቀብሩም የሚፈጸመው» ብለህ ትቀጥል ነበር። ከቁይ ከተማ ሳይቀር መርዶ ይደወልልህ ነበር።

የእድሩ ጥሩምባ ነፊ አያ ደምሌ «ይኸ ሳጥን እንጀራዬን በላው!» እያለ ስንቴ ደጃችን ላይ ፎከረ! ገመዱን በነጻ ብታስገባለት ግን ጥሩምባውን ሰቅሎ ዋና ተመልካችህ ሆነ። «የክርስትና ስሙን ተሳስተሃል» እያለ ያርምህም ጀመር።

የገዢው ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ከአዲስ አበባ መጣ። ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ጨዋ ልጅ ነው። የሞት ማስታወቂያ «ኮንቴንት አይደለም» አለና በቦታው የውጭ ድራማ ተከለ። አሁን ከተማው በድራማው ማን እንደ ታመመ፣ ማን እንደ ተካደ ያውቃል፤ ከአጥሩ ማዶ ማን እንደ ሞተ አያውቅም።

ባለፈው ወር አያ ደምሌ ሞተ። የሚነፋለት የለ፣ የሚያነብለት የለ። ከቄሶቹ ጋር አሥራ አንድ ሆነን ቀበርነው። ጎረቤቱ ወይዘሮ ጥሩወርቅ በሦስተኛው ቀን ሰምታ «እኔ ድራማ ላይ ተጥጄ!» እያለች ደረቷን ደቃች። እኔን ቀና ብላ አላየችኝም።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሲሞት በእግሬ እየዞርሁ በር አንኳኳለሁ። ድምፄ እንዳንተ አይደለም፤ ውሻም ያሯሩጠኛል። የሟቹን ስም ከመጥራቴ በፊት ያንተን በልቤ እጠራለሁ። እግሬ እስኪከዳኝ ድረስ ይህን አልተውም።

ማረሚያ፦ በተዝካሩ ዕለት በድንኳን ለተሰበሰበው ሕዝብ «ጣቢያውን ሽጡት ብሎ የተናዘዘ አባቴ ነው» በማለት በእኔ የተሰጠው መግለጫ ስሕተት ነው። ሟቹ እንዲህ ያለ ቃል አልተናገሩም። የሸጠችው ልጃቸው ናት፤ ስለ ደከማት።