በልጅ ክንድ የታሰረው መለኪያ

ደብረ ማርቆስ፣ ነሐሴ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣ ለቄስ ወልደ ሩፋኤል፤

ጎንደር ብርዱ እንዴት ይዞዎታል? ጾሙ ጉልበትዎን አላደከመውም? እኔ ደኅና ነኝ ልል ነበር፤ ለእርስዎ ግን አልዋሽም። ከነርስነቴ ከታገድኩ አሥራ አንድ ቀን ሆነኝ። ጓደኞቼ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ያደርጋሉ። ከሰው ሳልነጋገር የምውልበት ቀን በዝቷል።

በስልክ እርስዎ «ወረቀቱን ፈርሚና ሥራሽን ያዢ» አሉኝ። ሙሉውን ስላልነገርኩዎት ነው።

ከይጁቤ በታች መሬቱ ተንሸራቶ ቤቶች የቀበረ ዕለት፣ እንደ ሰዓት በእጅ የሚታሰር መለኪያ ይዘን ሄድን። የልብ ምት እየለካ እኔ ወደያዝኩት ታብሌት ይልካል፤ የባሰበትን ቶሎ እንድንለይ። ቁስለኛው ሰባ፣ መለኪያው አርባ። አለቃዬ አቶ ድረስ «ለትልልቆቹ ብቻ!» አለ።

አሰገደች ለምትባል እናት ሳስርላት «ምንድን ነው እታለም?» አለችኝ። ቸኩዬ ነበር። «ይህን ያሰረ አይረሳም» አልኳት።

«ልጄስ?»

«እሷ ያለባት ጭረት ብቻ ነው» ብዬ አለፍኩ።

ፈታ ለልጇ አሰረችላት። አንጓዋ ላይ ቢሰፋባት ክንዷ ላይ፣ እንደ ማተብ አጥብቃ። ታብሌቱ ሦስት ሰዓት ሙሉ «አሰገደች ደኅና ናት» አለን። ወደ እናትየዋ ስንመለስ ደም ሆዷ ውስጥ ፈስሶ ሞታ አገኘናት። ልጅቷ እቅፏ ውስጥ ተኝታ ነበር።

የሚያስፈርሙኝ ወረቀት «ሟች ባለማወቅ መሣሪያውን በማውለቋ ሞተች» ይላል። የድረስን ትእዛዝ አያነሳም። አልፈርምም ስለው ሳቀብኝ፦ «ስምሽ ትሕትና፣ አንቺ እሳት! ምን ቸገረሽ? ሟች እንደሆነች ይግባኝ አትልም!»

አባቴ፣ እሷ ምን አጠፋች? ያልኳትን አመነች። እርስዎ አንድ መለኪያ ቢሰጥዎት፣ ለማን ያስሩት ነበር?

ለማንም ያልተናገርኩት አለ። ታብሌቱ «ደኅና» ቢልም በአሰገደች ስም የመጣው ምት መቶ አሥራ ሁለት ነበር፤ ለትልቅ ሰው ይበዛል። አይቼዋለሁ። የልጅ ልብ እንደዚያ እንደሚመታ ተምሬዋለሁ። «ደንግጣ ይሆናል» ብዬ ወደ ሌላው ዞርኩ።

ነገ የራሴን ቃል ጽፌ አስገባለሁ። የእሱን ትእዛዝም፣ የእኔን መቶ አሥራ ሁለትም። ከዚያ ወዲያ ነርስ ይሉኝ እንደሆነ እንጃ። አይቆጡኝ። ቢቆጡኝም አልመለስም።

እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያጽናልኝ፤ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። የአሰገደችን የክርስትና ስም ከነፍስ አባቷ ጠይቄ አገኘሁ፤ ወለተ ሐዋርያት ነው። ቅዳሴ ሲገቡ ስሟን ይጥሩልኝ። የእኔ ከእሷ በኋላ ይሁን።

ልጅዎ ትሕትና