አራተኛው የባሕር ዳርቻ

አድሊስቪል፣ ሐሙስ ከሰዓት

ውድ ኡሙልኸይር፣

ይህን በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን አውቅሻለሁ፤ ባሕር የሚል ቃል ከአፌ ሲወጣ "ያኔትዬ፣ ትራም መጣብኝ" ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ደብዳቤ ደግሞ አይዘጋም። ቢበዛ መሳቢያ ውስጥ ትወረውሪዋለሽ፣ እሱንም ስመጣ አወጣዋለሁ። እንግዲህ ቁጭ በይና ስሚኝ። ባሕር ገባሁ።

አዎ፣ እኔው። ባሕሩን ካሻገረችን ጀልባ የወረድን ቀን "ከእንግዲህ የጨው ውሃ በሾርባ ካልሆነ ከንፈራችንን አይነካም" ብለን የማልነው እኔና አንቺ ነን። አንቺ መሐላሽን ጠብቀሻል። ጄኔቭ እየኖርሽ፣ ሐይቁ አፍንጫሽ ሥር እያለ፣ ትራሙ ድልድዩ ላይ ሲወጣ ዓይንሽን ትጨፍኛለሽ። እኔ ግን አፈረስኩት፤ ለምን እንዳፈረስኩት ከሌላ ሰው እንድትሰሚው አልፈለግኩም።

አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። እኛ ቤተ ክርስቲያን በወሩ የመጀመሪያ እሑድ የጌታ ራት ይወሰዳል፤ ያልተጠመቀ ሰው አይወስድም። ትሪው ከአጠገቤ ከምትቀመጠው ከሕብስት እጅ ይነሳል፣ ጉልበቴን ተሻግሮ ወዲያ ማዶ ላለው ሰው ይደርሳል። ሕብስትን ታስታውሻታለሽ፣ አብራኝ የምትኖረው፣ የማራኪ እናት። ማንም በክፉ ዓይን አያየኝም። እኔ ግን ሁልጊዜ በዚያች ደቂቃ ቦርሳዬን ከፍቼ የሌለ ዕቃ እፈልጋለሁ።

በእኛ ዘንድ ጥምቀት መርጨት አይደለም፤ ሙሉ ሰውነት ውሃ ውስጥ ገብቶ ይወጣል። በየበጋው ዙሪክ ሐይቅ ላይ ሌሎቹ ሲጠመቁ እኔ ፎጣ ይዤ ዳር እቆማለሁ። አንዱን ዓመት ጉንፋን ያዘኝ፣ ሌላውን ዓመት ክሎተን አውሮፕላን ማረፊያ ሺፍት ገባሁ። አውሮፕላን የሚያጸዳ ሰው መቼም ሰበብ አያጣም። "ጌታችሁ በባልዲ አይበቃውም?" ብለሽ የቀለድሽ ዕለት ሳቅኩልሽ፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አለቀስኩ። ውሃ ፊቴን ሲሸፍነው ምን እንደሚመጣብኝ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ።

ዘንድሮ የበጋውን ጉባኤ ሰርዲኒያ ደሴት ላይ እናድርገው ተባለ። ሐሳቡ የሽማግሌያችን የጋሽ ዘበነ ነው። ክሎተን ለአውሮፕላን ምግብ በሚያዘጋጅ ድርጅት ስለሚሠሩ የበረራ ወሬ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ይደርሳቸዋል። "ሦስት ተጠማቂዎች አሉን፤ ሐይቁ ያንቀጠቅጣቸዋል፣ በሞቀ ባሕር እናጥምቃቸው" አሉ። እኔ የሄድኩት ወጥ ልሠራ ነው።

ስለ ቀሚሱ ሳልነግርሽ ማለፍ አልችልም። አምና እህቶች የለበሱት ነጭ የጥጥ ቀሚስ ውሃ ሲነካው ገላቸው ላይ ተለጥፎ አሳፈረን። ሕብስት ያኔውኑ "ሁለተኛ እንዲህ አንዋረድም" ብላ ዛተች። ዘንድሮ ዝናብ ከማያስገባ ጨርቅ፣ የጃንጥላ ጨርቅ በይው፣ ነጭ ቀሚስ ሰፋች። ገበር አለው፣ አንገቱ እስከ ጉሮሮ በቁልፍ ይዘጋል፣ እጅጌው መዳፍ ላይ ጠበቅ ይላል፣ ከወገብ በታች ድንኳን ነው። የዘንድሮ ተጠማቂዎች ሦስቱም ወንዶች ስለሆኑ "ታዲያ ይሄ ለማን ነው?" አልኳት። "ዕቃ አይደል? ይቀመጥ" አለችኝ።

ደሴቲቱ ላይ ባለወንበርና ባለጥላ ዳርቻዎች አሉ፣ ማንም በነጻ የሚገባባቸው የሕዝብ ዳርቻዎችም አሉ። ጋሽ ዘበነ የሕዝቡን መረጡ፤ መስፈርታቸውም ቢራ የማይሸጥበት፣ ሙዚቃ የማይጮህበት ነው። በሚኒባስ ተጭነን ፍለጋ ወጣን። ሁሉም ጥሩ ቦታ እንዲገኝ ይጸልያል፣ እኔ በሆዴ እንዳይገኝ እጸልያለሁ።

የመጀመሪያው አሸዋው እንደ በሶ ዱቄት የላመ ነው። ፓስተር ወዳጄ ጥልቀቱን ሊለኩ ገብተው ሄዱ፣ ሄዱ፣ ከርቀት አሞራ እስኪያክሉ ሄዱ፤ ውሃው ከጉልበታቸው አላለፈም። ተመልሰው "እዚህ የሚጠመቅ ሰው መተኛት አለበት" አሉ። ተመስገን አልኩ።

ሁለተኛው ከጥድ ጫካ ጀርባ ነው። ጋሽ ዘበነ ከረባታቸውን አስረው፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ታቅፈው ከፊት ይመራሉ። ዛፎቹን እንዳለፍን ቀጥ ብለው ቆሙ። ሽማግሌው፣ አሮጊቷ፣ ሁሉም እንደተወለደ ሆኖ ፀሐይ ይሞቃል። አንድ ሸበቶ ሰውዬ ብድግ ብለው በጨዋ ደንብ "ቦንጆርኖ" አሉን።

"ወደ መኪና" አሉ ጋሽ ዘበነ መሬት መሬቱን እያዩ። "ማንም ዞር እንዳይል፤ የሎጥን ሚስት አስቡ።"

ማራኪ የእናቷን መዳፍ ከዓይኗ ላይ እየገፋች "ማማ፣ ዋሩም፣ ለምን ልብስ የላቸውም?" ትላለች።

"ታጥቦ እየደረቀላቸው ነው" አለቻት ሕብስት።

ሦስተኛው ላይ ሳቁ ቀረ። ቀይ ባንዲራ ተሰቅሏል፣ ማዕበሉ ድንጋዩን ይደበድባል። ድምፁን ሰማሁት፣ ኡሙልኸይር። ያንኑ ድምፅ። ተመልሼ የሚኒባሱ ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። የጀልባዋ ሞተር ጠፍቶ፣ ውሃ ወደ ውስጥ መግባት ሲጀምር፣ ያችን አንድ የተነፋች የጎማ ከመነዳሪ ከራስሽ አውልቀሽ ለእኔ ያጠለቅሽልኝ መጣብኝ። "አንቺስ?" ስልሽ "እኔ ቀጭን ነኝ፣ ባሕሩ አይፈልገኝም" አልሽኝ። ስለዚያች ነገር አንድ ቀን እንኳ አመስግኜሽ አላውቅም። ምን ተብሎ ይመሰገናል?

ፓስተር ወዳጄ መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ። "ያኔት፣ ተጠመቂ ብሎ ማንም አያስገድድሽም። ሌላ ጊዜ ሐይቁ ላይ ይሆናል። ካልሆነም አዳራሹ ውስጥ ገንዳ እናመጣለን" አሉኝ።

"ሐይቁ ምን አደረገኝ?" አልኳቸው። "እኔ የተጣላሁት ከባሕሩ ነው።"

ከአፌ ከወጣ በኋላ እኔም ደነገጥኩ። ሕብስት ሻንጣዋን ከፍታ ቀሚሱን አወጣች። ርዝመቱ ልክ የእኔ ነው።

አራተኛው ዳርቻ ከዓሣ አጥማጆች ጀልባዎች ጀርባ የተደበቀ ትንሽ ጥግ ነው። ውሃው ረግቷል። ከእኛ ሌላ የነበሩት በአንድ ጥላ ሥር ካርታ የሚጫወቱ ሦስት ጣሊያናውያን አሮጊቶች ብቻ ናቸው። ሦስቱ ተጠማቂዎች፣ ሱራፌልና ሁለቱ ጓደኞቹ፣ ነጭ ሸሚዝና ሱሪ ለብሰው ገቡ፣ ተጠመቁ፣ እየሳቁ ወጡ። ከዚያ የእኔ ተራ ደረሰ።

በቀኜ ፓስተር፣ በግራዬ ጋሽ ዘበነ ያዙኝ። እስከ ጉልበት ደህና ነበርኩ። ወገቤ ላይ ሲደርስ የጋሽ ዘበነን ክንድ ስጨምቀው "አይዞሽ ልጄ፣ ክንዴን ግን ለእኔም አስተርፊልኝ" አሉኝ። ደረቴ ላይ ደረሰ። "በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም" ብለው ወደ ኋላ አስተኙኝ።

ኡሙልኸይር፣ አልሰጥምም አልኩ። ቀሚሱ አየሩን በሙሉ ይዞ እንደ ጎማ ተነፋ። ፓስተር ትከሻዬን ሲጫኑ ሆዴ ይነሳል፣ ጋሽ ዘበነ ሆዴን ሲጫኑ እግሬ ይወጣል። ዳር ላይ የጀመሩት መዝሙር እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። አሮጊቶቹ ካርታቸውን አስቀመጡ።

"ልጄ፣ ትንሽ ተባበሪን እንጂ" አሉ ጋሽ ዘበነ።

"በአንገቱ በኩል አስተንፍሱት" ትላለች ሕብስት ከዳር ሆና።

እኔ በጀርባዬ ተንጋልዬ ሰማዩን አያለሁ። ጆሮዬ ውሃ ውስጥ ነው፣ ምንም አይሰማኝም። ስንት ዓመት ሙሉ ይውጠኛል ብዬ የሸሸሁት ባሕር፣ ሁለት ሰው እየገፋኝ እንኳ አልቀበልሽም አለኝ። እኔንም አልፈለገኝም። ሳቄ መጣ፤ ሳቁ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ። ያኔ የአንገቱን ቁልፍ በገዛ እጄ ፈታሁት። አየሩ ፉስስ ብሎ ወጣ። ትንፋሼን ሳብኩና "አሁን" አልኳቸው።

ከሥር ዓይኔን ገልጬ ነበር። ጨለማ አልነበረም። ብርሃን ነበር፤ የጋሽ ዘበነም ካልሲ ነበር፣ አላወለቁትም። ስወጣ እልልታው ቀለጠ፣ ጣሊያናውያኑም አጨበጨቡ። ባለፈው እሑድ ትሪው ጉልበቴ ላይ ቆመ። ቦርሳዬን አልከፈትኩም።

አትፍሪ፣ ልሰብክሽ አይደለም። አንቺ በሶላትሽ፣ እኔ በጸሎቴ። ይህን ወሬ ጀልባዋ ላይ ጨርሰነዋል፤ ያን ቀን እኔ ለዱዓሽ አሜን ብያለሁ፣ አንቺም ለጸሎቴ።

ቅዳሜ ጠዋት ከዙሪክ ተነስቼ አንቺ ጋ እመጣለሁ። ከሰፈርሽ ከፕላንፓሌ እስከ ሐይቁ በእግራችን እንሄዳለን። ብትፈልጊ እግርሽን ብቻ ታስነኪዋለሽ፤ ባትፈልጊ ዳር ተቀምጠን የያዝነውን በልተን እንመለሳለን፣ አንድም ቃል አልናገርሽም። ቀሚሱን ግን ይዤልሽ እመጣለሁ። እጅጌው እስከ መዳፍ ስለሆነ አንቺም አታፍሪበትም። ሕብስት ቁልፉን አንስታ አንገቱን ደፍናዋለች፤ አሁን አየር የሚባል አያስወጣም።

ያን ቀን ከመነዳሪውን አንቺ አጠለቅሽልኝ። ቅዳሜ እኔ አጠልቅልሻለሁ።

ያንቺው ያኔት